«እና ሌሎች»

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው በድሮው መንገድ የሚሄድ ሰው ቆቃ ላይ ሳይቆም ካለፈ፣ ወይ ቸኩሏል ወይ አሣ አይወድም። እኔ አሣ እወዳለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። ስለዚህ ቆምኩ። ቆሮሶውን ከዘይት እያወጣች ለደንበኛ የምታቀርበው ሴትዮ ዓይኗን ከመነጽሬ ወደ ማስታወሻ ደብተሬ፣ ከደብተሬ ወደ መነጽሬ ስታመላልስ ቆየችና፣

«ጋሼ፣ እርስዎም ከነዚያ ውሃ ከሚቀዱት ነዎት?» አለችኝ።

«ከየትኞቹ?»

«በየጊዜው ይመጣሉ እኮ። በጠርሙስ ከሐይቁ ይቀዳሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ትንኝ ፍለጋ ነው የሚመጡት። ኩሬ ለኩሬ እየዞሩ በጭልፋ ይጨልፋሉ።»

«ታዲያ ምን አገኙ?»

«እኔ በምን አውቄ! ውሃ የሚቀዱት ትንኝ የሚፈልጉትን የሚያውቋቸው አይመስለኝም። አንዱ የጠየቀንን ሌላው መጥቶ እንደ አዲስ ይጠይቀናል። ውጤቱን ተመልሶ የነገረን ሰው ግን እኔ አላየሁም።»

«የሐይቁን ውሃ ትጠጡታላችሁ?»

«ቧንቧው ሲጠፋ ምን እናድርግ? ደግሞ እንዲሁ አይደለም፤ አፍልተን ነው የምንጠጣው» አለች፣ የባለሙያ ሴት ኩራት በፊቷ ላይ እየታየ።

አሣዬን በልቼ መንገዴን ቀጠልኩ። ነገሯ ግን አብሮኝ ተጓዘ። «የሚተዋወቁ አይመስለኝም» ያለችው ነገር እኔ ስሠራበት የኖርኩበት ሙያ የዛሬ ስልሳ ዓመት ጀምሮ የሚያጠናው ጥያቄ ነው። ማን ከማን ጋር ይሠራል? ማንስ ከማን ጋር መሥራት ሲገባው አይሠራም? ይህን በነጥብና በመስመር መሳል ይቻላል። እያንዳንዱ ተመራማሪ ነጥብ ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንድ ጽሑፍ በጋራ ካወጡ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል፤ ደጋግመው ከጻፉ መስመሩ ይወፍራል። ሲያልቅ የሸረሪት ድር የመሰለ ካርታ ይወጣል። የምርምር ትብብር ካርታ የሚባለው ይኸው ነው።

እኔ ሥራዬ የቤተ መጻሕፍት ካርድ መጻፍ ነበር። የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ፤ በእንጨት መሳቢያ ውስጥ የሚደረደር፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ወፈር ያለ ወረቀት ነው። አንድ መጽሐፍ ሲመጣ ለዋናው ደራሲ አንድ ካርድ እንጽፋለን። ተባባሪ ደራሲ ካለው ለሱም ሌላ ካርድ ጽፈን በስሙ ፊደል ቦታ እንሰካለን። ከሦስት በላይ ከሆኑስ? እዚህ ላይ ሕጉ ጨካኝ ነበር። የመጀመሪያውን ስም ብቻ ጽፎ «እና ሌሎች» ብሎ መዝጋት ነው። ካርዱ ትንሽ ነው፣ ሥራው ብዙ ነው፣ ሰው ደግሞ አይበቃም። ስንቱን ሰው በነዚህ ሁለት ቃላት ስር እንደቀበርኩ እግዚአብሔር ይወቀው። ያ ሕግ በዓለም ላይ ቀስ በቀስ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ የካታሎግ ደንብ ከወጣ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካርታው ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ሰው መኝታ ክፍል ነው ብል ታምኑኛላችሁ? ዴሪክ ደ ሶላ ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲንጋፖር ውስጥ ራፍልስ ኮሌጅ ያስተምር ነበር። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ገና በግንባታ ላይ ስለነበረ ከ1665 ጀምሮ የታተመውን የለንደኑን የሳይንስ ማኅበር ጆርናል ጥራዞች እቤቱ ወስዶ እንዲያስቀምጥ ሆነ። በየአሥር ዓመቱ እየከፈለ ግድግዳው ስር ከመራቸው። አንድ ቀን ክምሮቹን ቀና ብሎ ሲያይ ቁመታቸው እንደ ደረጃ እኩል በእኩል ሳይሆን፣ እንደሚባዛ ወለድ እየተወረወረ የሚያድግ ሆኖ አገኘው። መጽሐፉን ገልጦ ከማንበብ በፊት ክምሩን በማየት ብቻ የሳይንስን ዕድገት ለካ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ሄደ። በ1964 ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ማን የማንን ጽሑፍ እንደጠቀሰ የሚያሳይ ግዙፍ ማውጫ አሳተመ። በ1965 ፕራይስ የሳይንስ ጽሑፎች እርስ በርስ የሚያያዙበትን ድር የሚያሳይ ጥናት አወጣ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1966፣ ከዶናልድ ቢቨር ጋር ሆኖ የአንድ የምርምር ቡድን አባላት ማን ከማን ጋር እንደጻፈ ቆጠረ። ለዚህ ዓይነቱ ስብስብ የመረጠው ስም «የማይታይ ኮሌጅ» የሚል ነበር። አጥር የለው፣ በር የለው፣ ዘበኛ የለው፤ ግን ሰዎቹ በአገር ቢራራቁም ይተዋወቃሉ፣ ይጻጻፋሉ፣ ተማሪ ይለዋወጣሉ። በ2001 ደግሞ ማርክ ኒውማን ከ2 ሚሊዮን በላይ የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጽሑፎችን በኮምፒውተር አገላብጦ 1.5 ሚሊዮን ያህል ጸሐፊዎችን በአንድ ድር አያያዘ። ዛሬማ ከ2010 ወዲህ ከሆላንዷ ላይደን ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ስሞቹን ስትሰጡት ካርታውን በቀለም ይሥልላችኋል።

እኛም አገር ትምህርቱ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1990 የአፍሪካ ልጆች የሚማሩበት የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ሲከፈት ከተለያዩ አገሮች ተማሪዎች ይመጡ ነበር። ስለዚህ ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን የኮምፒውተሩን ነገር ለልጆቹ ትቼ፣ ያለፈ ዓመት ካላንደር ገልብጬ እርሳስ አነሳሁ። ስለ ቆቃ ማን ከማን ጋር እንደጻፈ ልስል።

መጀመሪያ ስለ ቆቃ ራሱ። ሐይቁን ፈጣሪ ሳይሆን ሰው ነው የሠራው። ጣሊያን ለወረራው ካሣ እንድትከፍል በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላት። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1956 ስምምነት ገንዘቡ ዝቅ ብሎ፣ ከፊሉ የአዋሽን ወንዝ ለመገደብ ዋለ። ግድቡ በ1960 ሥራ ጀመረ፤ ሦስቱ ተርባይኖቹ በድምሩ 43 ሜጋ ዋት ያህል ያመነጫሉ። ሐይቁም ገሊላ ተባለ። እንግዲህ ያ ውሃ የደም ካሣ ነው። መብራት ሰጠን፣ አሣ ሰጠን፣ መስኖ ሰጠን። ከዚያም ወባና አረንጓዴ አተላ ጨመረልን። ተመራማሪዎቹን የጠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በቀይ እርሳስ የወባዎቹን ጀመርኩ። በ2007 ስለ ቆቃ ግድብና ወባ አንድ ጥናት ወጣ። ጸሐፊዎቹ ስድስት ናቸው፦ ጆናታን ላውትዝ፣ ማቲው ማካርትኒ፣ ፖል ኪርሸን፣ ደረጀ ኦላና፣ ጋያትሪ ጃያሲንጌና አንድሪው ስፒልማን። ስፒልማን የሃርቫርዱ ዝነኛ የትንኝ ሊቅ ነው፤ ጽሑፉ የታተመው እሱ በ2006 ካረፈ በኋላ ነው። ያገኙት ነገር ለማንም የሚገባ ነው። ከሐይቁ ዳር በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖር ሰው በወባ የሚያዘው ከ3 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚኖረው 1.5 እጥፍ፣ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ከሚኖረው ደግሞ 2.3 እጥፍ ነው።

በ2009 ሰሎሞን ክብረት ከማካርትኒ፣ ከላውትዝና ከጃያሲንጌ ጋር ሆኖ ምክንያቱን ተከታተለ። የግድቡ ውሃ ሲሸሽ ዳር ዳሩን ኩሬ ይተዋል፤ ትንኟ እዚያ ትፈለፈላለች። እንግዲያው ውሃው የሚለቀቅበትን ፍጥነት በማስተካከል ወባን መቀነስ ይቻል ይሆን? በ2011 ጁሊያ ሪስና ቴሬሳ ከልቨር ከነሰሎሞን ጋር ሆነው ይህ በኤሌክትሪኩና በመስኖው ላይ የሚያስከፍለውን አሰሉ። በ2015 ደግሞ እነሰሎሞን፣ ላውትዝና ማካርትኒ ከሌሎች ጋር ሆነው ከሰሐራ በታች ያሉትን ትልልቅ ግድቦች በሙሉ አዩ። በግድቦቹ ምክንያት በየዓመቱ ቢያንስ 1.1 ሚሊዮን ሰው በወባ እንደሚያዝ ገመቱ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ከቆቃ ኩሬ የተነሳ ክር አፍሪካን አዳረሰ። ሦስቱ ስሞች እየተደጋገሙ ስለመጡ መስመራቸው ካርታዬ ላይ እንደ ገመድ ወፈረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼ ነው።

በሰማያዊ እርሳስ ደግሞ የውሃዎቹን። በ1994 ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ዝናቡ ገብረማርያምና ስዊድናዊው ኢንገማር አልግሬን ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ኬሚካላዊ ባሕርይ ጻፉ። በ2011 ኤቫ ቪሌን፣ ጉነል አልግሬን፣ ግርማ ጥላሁን፣ ሊሳ ስፖፍ፣ ሚላ-ሪና ኔፍሊንግና ዩሲ ሜሪሉኦቶ በሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ያለውን የአልጌ መርዝ አጠኑ። በ2018 የሺእመቤት ማጆር፣ ደመቀ ክፍሌ፣ ስፖፍና ሜሪሉኦቶ በቀጥታ የቆቃን ውሃ ይዘው ማይክሮሲስቲን ስለሚባለው መርዝ ጻፉ። መስመሩ ከአዲስ አበባ ወደ ኡፕሳላና ወደ ፊንላንዷ ቱርኩ ይዘረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መርዝ በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሊትር ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጉበትን የሚጎዳ ነው። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ውሃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋውም።

እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ። «አፍልተን ነው የምንጠጣው» ያለችው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ካላንደሩን ከፍ አድርጌ አየሁት። በአንድ በኩል ቀይ ድር፣ በሌላ በኩል ሰማያዊ ድር። በመካከላቸው በያዝኳቸው ጽሑፎች ላይ አንድም የጋራ ስም የለም። ሴትዮዋ ልክ ነበረች! ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ማውጫ፣ አሣ እየጠበሰች ያየችውን ነው እኔ በሁለት ቀለም የሳልኩት። ተመራማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ከባድ ሥራ ሠርተዋል። ግን ሐይቁ አንድ ነው። የወባዎቹ የውሃው ከፍታ እንዴት ይውረድ ብለው ይጠይቃሉ፤ ውሃው ሲወርድ አልጌውስ ምን ይሆናል? ይህን ለመመለስ ቀዩና ሰማያዊው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። የካርታው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ያለውን መስመር ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ያሳያል።

ካርታው ሌላም ነገር አሳየኝ። እኛ አበሾች የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም አናደርገውም። ፈረንጅ ግን በመጨረሻው ስም ይመዘግባል። ስለዚህ ዝናቡ ገብረማርያም አንዱ ዘንድ «ዝናቡ»፣ ሌላው ዘንድ «ገብረማርያም» ተብሎ ይገባል። ኤልሳቤጥ ከበደም አንድ ጊዜ «ከበደ»፣ ሌላ ጊዜ ከባል ስም ጋር ተጣምራ ትገኛለች። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል? አንዱን ሰው ሁለት ነጥብ ያደርገዋል። በተቃራኒው ኢንገማር አልግሬንና ጉነል አልግሬን ሁለት ሰዎች ሆነው ሳለ፣ የስማቸውን መነሻ ፊደል የዘነጋ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የኛ ሰው ለሁለት ሲሰነጠቅ መስመሩም ይሳሳል፤ በካርታው ላይ ከሠራው ያነሰ ሆኖ ይታያል። ይኼ ተራ የፊደል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ካርታውን የሚያይ ሰው ማን ምን ያህል እንደሠራ የሚፈርደው ባየው መስመር ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን «እና ሌሎች» ናቸው። በ2007ቱ ጽሑፍ ካሉት ስድስት ስሞች ኢትዮጵያዊው አንድ ነው፣ ደረጀ ኦላና፤ ተራውም አራተኛ ነው። ሌላ ጸሐፊ ጥናቱን ሲጠቅስ «ላውትዝ እና ሌሎች» ብሎ ያልፋል። ደረጀ እዚያ ውስጥ ገባ። እሱ እንኳ ጽሑፉ ላይ ስሙ አለ። ከ«እና ሌሎች»ም በታች ያሉ አሉ። የወባ ታማሚን ስም በመዝገብ ላይ ዓመት ከዓመት የጻፈ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፤ ጀልባውን የቀዘፈ ዓሣ አስጋሪ፤ ትንኝ እንዲያዝ ቤቷን የከፈተች እናት። እነሱ ካርታው ላይ ነጥብም አይደሉም። መዝገቡ ባይኖር ግን 1.5 እጥፍ የሚለው ቁጥር ከየት ይመጣ ነበር?

የኛ አባቶች በዚህ ነገር ከእኔ ካርድ ይሻሉ ነበር። የብራና መጽሐፍ መጨረሻውን ስትገልጡ ብዙ ጊዜ «ዘጸሐፎ» ተብሎ የጸሐፊው፣ «ዘአጽሐፎ» ተብሎ ደግሞ ያስጻፈው ሰው ስም ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ላይ የሚስትና የልጆች ስም ሳይቀር አለ፤ በጸሎት እንዲታሰቡ። ብራና ውድ ነው፤ ፍየልና በግ ታርዶበት ነው የሚገኘው። ቦታ አጠረ ብለው ግን ሰዎቹን «ወካልዓን» ብለው አልዘጉም። የትብብር ካርታ ከፕራይስ በፊት በብራና ጀርባ ላይ ነበር ብል ማጋነን ይሆንብኝ ይሆን?

ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ወደዚያው መንገድ ስወጣ ካላንደሬን ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ሴትዮዋ ታስታውሰኛለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ አስታወሰችኝ። ወንበር ሰጠችኝና ካርታውን ዘረጋሁላት። ቀዩን አሳየኋት፣ ሰማያዊውን አሳየኋት። ጣቷን በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«አላልኩዎትም? አይተዋወቁም!»

ከዚያ ስለ ማፍላቱ ነገርኳት። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ያን ጊዜ የተናገርኩት ነገር ከተጻፈ ዓመታት ያለፉት፣ ኡፕሳላም ቱርኩም አዲስ አበባም የሚታወቅ ነገር ነው። ከሐይቁ ዳር ያለች፣ ውሃውን የምትጠጣው ሴት ግን ጡረታ ከወጣ ካርድ ጸሐፊ በአጋጣሚ ሰማችው። እኔ ካርታውን ስሰራ ከቱርኩ ወደ አዲስ አበባ፣ ከኮሎምቦ ወደ ቦስተን መስመር አስምሬያለሁ። ወደ ቆቃ የሚገባ መስመር ግን አልነበረኝም።

ያንን መስመር ማስመር የማን ሥራ ነው? ተመራማሪው ጽሑፉን አውጥቷል። የጤና ሠራተኛው ጽሑፉን አላየውም። በመካከል ያለው ሰው የቤተ መጻሕፍት ሰው ነው፤ ሥራው ዕውቀትን ለሚፈልገው ማድረስ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ስለ ቆቃ የተጻፈ ሁሉ አንድ ቅጂው አዳማ፣ አንድ ቅጂው ቆቃ ጤና ጣቢያ ቢቀመጥ፤ ፍሬ ነገሩ በኦሮምኛና በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢለጠፍ፤ መዝገብ የያዘው ሰው ስሙ በምስጋናው ገጽ ላይ ቢገባ፣ ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። መሳቢያ የሚያክል ቦታና ግድ የሚለው ሰው ይበቃል። እኔ በሥራ ዘመኔ ይህን አላደረግሁም። ካርዱን ጽፌ መሳቢያውን ዘጋሁ።

ሴትዮዋ ካላንደሩን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና ቀና አለች።

«እሺ ጋሼ፣ ማፍላቱ ካልጠቀመ፣ ቧንቧው ሲጠፋ ምን እንጠጣ?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳሴን አወጣሁና ከካርታው ግርጌ፣ ቀዩም ሰማያዊውም ካልደረሰበት ቦታ ላይ አንድ ነጥብ አደረግሁ። «ስምሽ ማነው?» አልኳት። ነገረችኝ፣ ጻፍኩት። ጥያቄዋንም ከስሟ ጎን ጻፍኩት።